ደሴቷን ያቃናናት ዕለት

ባለፈው እትማችን በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ ስለሚከማቸው የፎቶግራፍ ጣጣ አንስተን፣ በዚህ ወር ደግሞ ቤተሰብ ይዞ ስለመጓዝ እንነጋገራለን ብለን ቃል ገብተን ነበር። ቃላችንን ልንጠብቅ ተነሣን፤ ነገር ግን ጉዞው ሳይጀመር ካርታው ላይ ቆመን ቀረን። ለምን እንደቆምን ብንነግራችሁ ከጉዞ ምክሩ ይልቅ ይህኛው ሳይጠቅማችሁ አይቀርም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዚህ ዓምድ ቋሚ አንባቢዎች አንዷ የሆነች እህታችን አለች። ቤቷ ተቀምጣ በኮምፒዩተር የሠርግ ጥሪ ካርድ፣ የሱቅ ማስታወቂያና የመጽሐፍ ሽፋን እየሠራች ሁለት ልጆቿን የምታሳድግ ብርቱ ሴት ናት። አንድ የጉዞ ወኪል፣ ስሙን መጥራት አያስፈልገንም፣ ለዒድ ሰሞን ቤተሰቦችን ወደ ዛንዚባር ሊወስድ አስቦ ለእያንዳንዱ ተጓዥ የሚታደል ታጣፊ ካርታ እንድትሠራለት ያዛታል። እሷም የደሴቲቱን ቅርጽ ከነመንገዶቿ የያዘ፣ እንደፈለጉ ሊያርሙት የሚቻል የቬክተር ካርታ አግኝታ ፋይሉን በእጇ ይዛ መጣች። «ይኸው፣ ሁሉንም ማረም እችላለሁ፤ የቱን ማረም እንደሚገባኝ ግን አላወቅሁም» አለችን። እኛም ጥያቄው ቀላል መስሎን ወንበር ስበን ተቀመጥን።

ለመሆኑ ቬክተር የሚባለው ምንድን ነው? ጥልፍ የምታውቅ እናት ወዲያው ይገባታል። በአንድ በኩል በትናንሽ አራት ማዕዘን ቀዳዳዎች ላይ እየተቆጠረ የሚጠለፍ ጥልፍ አለ፤ እያንዳንዱ ቀዳዳ አንድ ቀለም ይይዛል፣ ከሩቅ ሲታይ አበባ ይመስላል፣ ቀርቦ ላየው ግን ደረጃ ደረጃ ነው። ፎቶግራፍና በካሜራ የተነሣ የወረቀት ካርታ እንዲህ ናቸው፤ ባለሙያዎቹ ራስተር ይሏቸዋል። በሌላ በኩል ደግሞ «ከዚህ ነጥብ ተነሥተሽ እዚያ ነጥብ ድረስ ክሩን ሳቢ፣ ከዚያ ወደ ግራ አጉብጪው» ተብሎ የተሰጠ ትእዛዝ አለ። ቬክተር ይህ ትእዛዙ ነው። መንገዱ ሥዕል አይደለም፤ በተራ የተቀመጡ ነጥቦችና ነጥቦቹን የሚያያይዝ መስመር ነው። ስለዚህ ካርታውን የፖስታ ቴምብር ብታደርጉትም፣ የግድግዳ ያህል ብታደርጉትም መስመሩ አይሻክርም። ቀዩን መንገድ ቢጫ፣ ቀጭኑን ወፍራም ማድረግም የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

በዚህ ላይ ካርታው ድርብርብ ነው። የባሕሩ ዳርቻ በአንዱ ሌየር፣ መንገዶቹ በሌላው፣ የመንደር ስሞች በሦስተኛው፣ መስጊዶቹ በአራተኛው ይቀመጣሉ፤ በቀጭን ላስቲክ ላይ እየተሣለ አንዱ ባንዱ ላይ እንደተነባበረ ማለት ነው። አንዱን ሌየር ማጥፋት ወይም መቆለፍ ይቻላል። ይህን መቆለፍ የሚለውን ቃል አስታውሱልን፤ ጉድ ያደረገን እሱ ነው።

ዛንዚባር ስንል በተለምዶ የምናስበው ኡንጉጃ የምትባለውን ዋናዋን ደሴት ነው፤ እህቷ ፔምባ ከሰሜን ምሥራቅ አለች። ኡንጉጃ ርዝመቷ 85 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ስፋቷ በሰፊው ቦታ ከ40 ኪሎ ሜትር የማይበልጥ ናት። በስተምዕራብ ከተማው አለ፤ አሮጌው ክፍሉ ምጂ ምኮንግዌ፣ የድንጋይ ከተማም የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2000 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባው ነው። ከከተማው መንገዶች እንደ እጅ ጣቶች ይዘረጋሉ፦ አንዱ ወደ ሰሜን ጫፍ ወደ ኑንግዊ፣ ሌላው ወደ ምሥራቅ ወደ ችዋካ፣ ሌላው በጆዛኒ ደን በኩል አልፎ ወደ ፓጄና ጃምቢያኒ፣ አንዱ ደግሞ ወደ ደቡብ ወደ ኪዚምካዚና ማኩንዱቺ። ሕዝቧ በአመዛኙ ሙስሊም ስለሆነ መስጊድ የሌለበት መንደር አይገኝም ማለት ይቻላል።

ለኛ አገር ሰው ደግሞ ዛንዚባር እንግዳ የማትሆንበት አንድ ነገር አለ። ስዋሒሊ ተናጋሪው ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛ ከንጋት ጀምሮ ነው፤ እኛ ከጧቱ አንድ ሰዓት የምንለውን እነሱም «ሳ ሞጃ»፣ አንድ ሰዓት፣ ይሉታል። የጀልባና የአውሮፕላን ሰሌዳ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚጻፈው። እህታችን ይህን በካርታው ጀርባ ላይ በሁለት መስመር እንድትጽፍ መክረናታል፤ መኪና ለሚከራይም በዚያ አገር የሚነዳው በግራ በኩል መሆኑን።

አሁን ወደ ወኪሉ ትእዛዝ እንምጣ። ሦስት ነገር ነበር የፈለገው። አንደኛ፣ ደሴቷ ወረቀቱ ላይ «ጠማማ» ስለሆነች እንድትቃና። ሁለተኛ፣ የባሕር ዳሩ መንደሮች ስም ተጨናንቆ የሆቴሎቹን ምልክት ስለሸፈነ እንዲጠፋ። ሦስተኛ፣ ከታች በኩል በደቃቅ ፊደል የተጻፈችው የካርታው ምንጭ እንድትነሣ።

የመጀመሪያውን እኛው ራሳችን አደረግነው። ኡንጉጃ በእርግጥም ቀጥ ብላ አልተኛችም፤ ሰሜናዊ ጫፏ ወደ ምዕራብ፣ ደቡባዊ ጫፏ ወደ ምሥራቅ ያጋደለ ነው። ወረቀታችን ኤ3 የሚባለው ነበር፤ ርዝመቱ 42 ሳንቲ ሜትር። በ1 ለ250,000 መስፈርት ብናደርገው 85 ኪሎ ሜትሩ 34 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ያጋደለ እንደሆነ ግን በግራና በቀኝ ቦታ ይበላል፣ ለማስታወቂያው የሚተርፍ የለም። ታዲያ ሁሉንም መርጠን ወደ ሃያ ዲግሪ ያህል ብናዞራት ደሴቷ እንደ ሻማ ቀጥ ብላ ቆመች። በጣም ደስ አለን። «አየሽ፣ ቀላል ነው» አልናት ለእህታችን።

ስሞቹ ሁሉ ተጣመው ስለቀሩ እሷ አንድ በአንድ ስታቃናቸው አመሸች። እኛ ግን ሻያችንን ጠጥተን ሄድን።

መንገዶቹን ለማየት የተመለስነው በሁለተኛው ቀን ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ብንቆይ አይከፋም። ካርታ ላይ መንገድ ሲታይ እውነተኛ መጠኑ የሆነ ይመስላል። እንዲህ አይደለም። በዚያ መስፈርት አንድ ሚሊ ሜትር ማለት 250 ሜትር ነው፤ ስለዚህ አንድ ሚሊ ሜትር ወፍሮ የተሣለ መንገድ የእውነት ቢሆን ኖሮ ሁለት የኳስ ሜዳ ተደርድሮ በወርዱ ይገባበት ነበር። ከመንገዱ አጠገብ ያለ መንደር በመስመሩ እንዳይዋጥ ትንሽ ገፋ ይደረጋል፤ ይህ ውሸት አይባልም፣ የካርታ ሠሪ ሁሉ ልማድ ነው። የድንጋይ ከተማው ጠባብ መተላለፊያ ግን በዚህ መስፈርት ጨርሶ አይሣልም፤ ለሱ በጎን በኩል በ1 ለ10,000 ሌላ ትንሽ ካርታ ያስፈልጋል፤ ያም ቢሆን መኪና የማይገባበትን መተላለፊያ ከመኪና መንገድ በቀለም ለይቶ።

ሌላው ችግር የነጥቦቹ ብዛት ነው። የባሕር ዳርቻው ብዙ ሺህ ነጥብ ስለነበረው ኮምፒዩተሯ እየተንቀራፈፈ ተቸገረች። ለዚህ መፍትሔ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ዳግላስና ፖይከር የተባሉ ሁለት ሰዎች ያወጡት ስሌት የመስመሩን ጠባይ ጠብቆ አላስፈላጊውን ነጥብ ይጥላል። በመጠን ከሆነ ጥሩ መሣሪያ ነው። እህታችን ግን ቸኩላ መጠኑን ከፍ አድርጋ ኖሮ፣ ቻንጉ የምትባለው ትንሽ ደሴት፣ ለእስረኞች ተብሎ ሕንፃ የተሠራባትና ዛሬ ግዙፍ ኤሊዎቿን ሰው የሚጎበኛት፣ ከካርታው ጠፍታ ተገኘች። በምሥራቅ በኩል ደግሞ የጃምቢያኒ መንደር ነጥብ ባሕር ውስጥ ገብቶ አየነው። ልጇ ከጀርባችን ቆሞ «እማ፣ ሰዎቹ ሰመጡ!» ሲል ሁላችንም ሳቅን፤ ወዲያው ግን መልሰን አስተካከልነው።

ከዚህ የከፋው የማይታየው ስሕተት ነው። ሁለት መንገዶች በዓይን ሲታዩ የተገናኙ ይመስላሉ፤ አጉልታችሁ ስታዩ ግን አንዱ ሌላውን ሳይነካ በፀጉር ያህል ቀርቶ ቆሟል፣ የጋራ ነጥብ የላቸውም። ለሚታተም ወረቀት ይህ ምንም አይደለም። ነገር ግን ያው ፋይል በስልክ መንገድ ለሚመራ ፕሮግራም የተሰጠ እንደሆነ፣ ፕሮግራሙ መንገዱ ተቆርጧል ብሎ ሰውየውን ደሴቱን ሲያዞረው ይውላል። ተቃራኒውም አለ፤ የማይገናኘውን አገናኝቶ መሣል። ችዋካንና ሚቻምቪን ተመልከቱ። በካርታው ላይ በባሕረ ሰላጤው አፍ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ተያይተው የተቀመጡ ናቸው፤ ወፍ ብትሆኑ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው። በመኪና ግን ማንግሮቭ የሞላውን ሰላጤ በሙሉ ዞሮ፣ በጆዛኒ በኩል ወርዶ፣ ፓጄ ደርሶ፣ እንደገና ወደ ሰሜን መውጣት ነው። እኛ በማስመሪያ ለክተን «ከቁርስ በፊት ደርሶ መመለስ ይቻላል» ብለን በካርታው ጀርባ ላይ ልናስጽፍ ምንም አልቀረንም ነበር። ልጆች ያሳፈረ አባት ይህን አምኖ ቢነሣ ምን ይለን ነበር?

ወደ ደቡብ ደግሞ ኡዚ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። ለብዙ ዘመን የኡዚ ሰዎች ወደ ዋናው ደሴት የሚሻገሩበት መንገድ ባሕሩ ሲሞላ ውሃ የሚውጠው፣ ሲጎድል የሚገለጥ ነበር። ካርታው ላይ ግን እንደማንኛውም መንገድ ያልተቋረጠ መስመር ሆኖ ተሥሏል። መስመር ሰዓት አያውቅም። እንዲህ ላለው መንገድ መስመሩን ቆራርጦ መሣልና ከጎኑ «የባሕሩን ሰዓት ጠይቁ» ብሎ መጻፍ ነው የሚበጀው፤ እህታችንም እንዲሁ አደረገች። በጆዛኒ በኩል የሚያልፈው መንገድ ላይም፣ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኘው የዛንዚባር ቀይ ኮሎበስ ጦጣ በመኪና እየተገጨ ስላስቸገረ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ተሠርቶበታል። ይህንንም በትንሽ ምልክት አስገባችው። ልጆቹ ጦጣውን ለማየት በመስኮት ሲጋፉ አባት ፍጥነቱን ቀድሞ ይቀንስ።

ሁለተኛው ትእዛዝ፣ የመንደሮቹ ስም ይጥፋ የሚለው፣ ክርክር ያስነሣው ነው። እህታችን ሌየሩን አንድ ጊዜ አጥፍታ አሳየችን። በእርግጥ ካርታው አማረ። ነጭ አሸዋ፣ ሰማያዊ ባሕር፣ የሆቴል ምልክት፣ ኪዚምካዚ ላይ የምትዘል ዶልፊን፤ ሌላ ምንም የለም። ደሴቷ ሰው ያልፈጠረባት መሰለች። ነገር ግን በፓጄና በጃምቢያኒ ባሕሩ ሲሸሽ ወደ ውሃው የሚወርዱት ሴቶች ሊዝናኑ አይደለም የሚወርዱት። የባሕር አረም ተክለው፣ አጭደው፣ አድርቀው የሚሸጡ ገበሬዎች ናቸው። ያ «ባዶ አሸዋ» ማሳቸው ነው። በመካከሉ የሚረግጥ እንግዳ ከካርታው ላይ መንደሩን ካላየ የማን መሬት ላይ እንደቆመ በምን ያውቃል? ኪዚምካዚ ላይም ዶልፊኗ ከተሣለች ዘንድ፣ በዚያው በዲምባኒ ያለው መስጊድ በኩፊ ጽሕፈት የተቀረጸ የ500 ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. የ1107፣ ጽሑፍ የያዘ መሆኑን የሚሰማ ቤተሰብ ልጆቹን ሳያሳይ ይመለሳል ብላችሁ ታስባላችሁ? የመስጊዱ ነጥብ ግን ከመንደሮቹ ስም ጋር አብሮ ጠፍቶ ነበር።

እህታችን ይህን ለወኪሉ ልትነግረው ስትሄድ እኛም አብረን ሄድን። ወኪሉ ክፉ ሰው አይደለም፤ በንግድ የተጣደፈ ሰው ነው። «እህቴ፣ እኔ የጂኦግራፊ መጽሐፍ አላዘዝኩሽም፤ ሰው ሆቴሉን ካገኘ ይበቃዋል» አላት። እሷም «ጋሼ፣ እርስዎ ያሉትን አጥፍቼ መስጠት አያቅተኝም፤ አንድ ቁልፍ ነው። ግን የኔ እጅ ያለበት ወረቀት ነው» ብላ ዝም አለች። እኛም ጉሮሯችንን ጠራርገን አንድ ነገር ልንል ስንል የሰውየው እናት ገቡ።

ሐጃ ይሏቸዋል፤ ሐጅ ያደረጉ፣ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ከልጃቸው ጋር በዚሁ ጉዞ የሚሄዱ እናት ናቸው። ወረቀቱን አንሥተው ወደ መስኮቱ አስጠጉና ብዙ ከተመለከቱ በኋላ «እዚያ ቂብላው በየት በኩል ነው?» ብለው ጠየቁ።

«እማዬ፣ ሆቴሉ ክፍል ውስጥ ምልክት አለ» አላቸው ልጃቸው።

«መንገድ ላይ ዙህር ቢገባብኝስ? ሆቴሉን ተሸክሜው ልሂድ?»

እኛ ይህን የምናውቀው መስሎን ፈጥነን ገባንበት። ዛንዚባርና መካ በአንድ የኬንትሮስ መስመር ላይ ናቸው ማለት ይቻላል፤ ሁለቱም በ39ኛው ዲግሪ ምሥራቅ ናቸው፤ ዛንዚባር ከምድር ወገብ በታች በ6ኛው ዲግሪ፣ መካ ከምድር ወገብ በላይ በ21ኛው ዲግሪ አካባቢ። ስለዚህ ከዛንዚባር ከተማ ቂብላው ቀጥ ያለ ሰሜን ነው፤ ወደ ምሥራቅ የሚያጋድለው አንድ ዲግሪ ከምናምን ብቻ ነው። ከአዲስ አበባም ቢሆን ወደ ሰሜን ነው፤ ወደ ምሥራቅ አምስት ዲግሪ ያህል ያዘነብላል። ይህን ሁሉ ካስረዳን በኋላ፣ በሙሉ ልብ፣ ጣታችንን በወረቀቱ አናት ላይ አሳርፈን «ስለዚህ ሐጃ፣ ካርታውን ወደ ሰሜን አዙረው ሲይዙት ወደ ላይ፣ ወደዚህ ማለት ነው፤ ይኸው የሰሜን ቀስቱም እዚህ አለ» አልን።

እህታችን ፊቷ ተለዋወጠ። «አዙረነው የለም እንዴ?» አለች ቀስ ብላ።

ወገኖቻችን፣ ያን ሰዓት መሬት ተከፍታ ብትውጠን በወደድን። ደሴቷን በሃያ ዲግሪ ስናቃናት የሰሜን ቀስቱ ያለበት ሌየር ተቆልፎ ኖሮ ከሌላው ጋር አልዞረም። ደሴቷ ዞረች፣ ቀስቱ ግን እንደነበረ ወደ ላይ እያመለከተ ቀረ። ወረቀቱ አናት ላይ «ሰሜን» ይላል፤ እውነተኛው ሰሜን ግን ከዚያ ወደ ቀኝ ሃያ ዲግሪ ርቆ ነው ያለው። ሐጃ መንገድ ዳር ቆመው በመንገዱና በባሕሩ አቅጣጫ ካርታውን ከመሬቱ ጋር ቢያስተካክሉና ቀስቱን አምነው ቢሰግዱ፣ ፊታቸውን ወደ ሰሜን ምዕራብ አዘንብለው ይሰግዱ ነበር። ያዞርነው እኛ፣ ቀስቱን ያላየነው እኛ፣ በሙሉ ልብ የመሰከርነውም እኛ ነን። የፊቅሁን ነገር ለዑለማእ እንተወው፤ የካርታው ነገር ግን የእኛ ጥፋት ነበር።

ሐጃ አልተቆጡም። ወረቀቱን ለልጃቸው መልሰው «አሳምረው ሲሉት ዋሸ እንዴ?» አሉና ተቀመጡ። ወኪሉም ከዚያ በኋላ ብዙ አልተከራከረም።

ሰሜንን ወደ ላይ ማድረግ ሕግ አይደለም። አል ኢድሪሲ እ.ኤ.አ. በ1154 ለሲሲሊው ንጉሥ ለሮጀር 2ኛ ባዘጋጀው ታላቅ ካርታ ላይኛው ወገን ደቡብ ነበር፤ የአፍሪካን ምሥራቃዊ ዳርቻም በዚያው ሥሏል። ማንም አልተሳሳተበትም፤ የትኛው የት እንደሆነ ይታወቃልና። ስለዚህ ደሴቷን ማዞር ይቻል ነበር፤ ቀስቱ አብሮ እስከዞረ ድረስ። የሆነ ሆኖ እህታችን መልሳ እንዳጋደለች ተወቻት። ለማስታወቂያው የሚሆነውን ቦታ ያገኘችው የሆቴሎቹን ምልክት በግማሽ በማሳነስ ነው፤ የመንደሮቹም ስም በዚያው ቦታ አገኘ። ቂብላውን የምታመለክት ትንሽ ቀስት ከሰሜን ቀስቱ ጎን አስቀምጣ፣ ሁለቱንም ከደሴቷ ጋር በአንድ ሌየር አሠረቻቸው፤ ሌላ ሰው ነገ ፋይሉን ከፍቶ ቢያዞራት አብረው እንዲዞሩ።

የቀረው ሦስተኛው ትእዛዝ፣ የምንጩ ነገር ነው፤ ይህ በአጭሩ ያልቃል። ያገኘችው ፋይል የተሠራው ኦፕንስትሪትማፕ ከሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ከተጀመረው የጋራ ካርታ ነው። እዚያ ላይ መንገዱን የሚሥሉት በዓለም ዙሪያ ያሉ ፈቃደኞች ናቸው። ማንም በነፃ ሊወስደው፣ ሊያርመው፣ አትሞም ሊሸጠው ይችላል፤ የሚጠየቀው ዋናው ነገር ምንጩን መጥቀስ ነው። ዛንዚባር ላይ ደግሞ ነገሩ ከዚህ ይሰፋል፤ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የአገሪቱ የመሬት ኮሚሽንና የዛንዚባር መንግሥት ዩኒቨርሲቲ በዓለም ባንክ ድጋፍ ድሮን እያስነሡ ደሴቶቹን ከላይ አንሥተዋል፤ አብራሪዎቹ ከራሷ ከዛንዚባር የሠለጠኑ ወጣቶች ነበሩ። ወኪሉ «ይህቺ ደቃቅ ጽሑፍ ታስጠላለች» ሲል እህታችን «የሰው ድካም ናት፤ እሷን ካነሣሁ የተሰረቀ ዕቃ ነው የምሸጥልዎ» አለችው። ጽሑፏ ቀረች። ሐጃ በመነጽር እንኳ ማንበብ አልቻሏትም፤ ግን አለች።

በነገራችን ላይ፣ እንዲህ ያለ ፋይል የምትሠሩ ወጣቶች ከዚህ ዓምድ አንድ ነገር ልትወስዱ ከፈለጋችሁ፣ ያልታረመውን ቅጂ ለይታችሁ አስቀምጡ። እህታችን ያን ባታደርግ ኖሮ የሰመጠው ጃምቢያኒና የጠፋችው ቻንጉ ባልተመለሱ ነበር። የቱርኩ መርከበኛ ፒሪ ሬይስ እንኳ የባሕር መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1521 ጨርሶ፣ እንደገና አስፍቶ በ1526 አዲስ ቅጂ አወጣ፤ ሁለቱም ዛሬ ድረስ አሉ፣ ምን እንደጨመረ ማየት ይቻላል።

ካርታው ባለፈው ሳምንት ማተሚያ ቤት ገብቷል። ወኪሉ ዋጋ ላይ ጥቂት ቀነሰባት፤ ለዘገየበት ቀን ነው አለ። እሷም ተቀበለች። ሐጃ ግን ለራሳቸው አንድ በትልቁ እንዲታተምላቸው ጠይቀዋል፤ ፊደሉ እንዲታያቸው። ቬክተር ነውና ይህ ለእህታችን አላስቸገራትም፤ ቅዳሜ ዕለት አድርሳላቸዋለች። እኛም ስንሄድ ሐጃ ወረቀቱን ምንጣፉ ላይ ዘርግተው፣ ቀስቷን ሰሌን ላይ ከሚሰግዱበት አቅጣጫ ጋር እያስተያዩ አገኘናቸው።

«እዚህም እዚያም ወደ ሰሜን ነው አይደል ያላችሁት?» አሉን።

«አዎ ሐጃ፤ እዚህ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል እንጂ» አልን፤ በዚህ ጊዜ ግን ጣታችንን ከማሳረፋችን በፊት ቀስቱን ሁለት ጊዜ አየነው።

ስለ ቤተሰብ ጉዞው ራሱ፣ ስለ ስንቁና ስለ ልጆች ልብስ፣ ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ወር እንመለስበታለን። ወሰላሙ ዐለይኩም።